ከውጭ ወደ ቤት ኮምፒውተሬ፦ የራውተር ኤንኤቲ ሩል ለምትጽፉ

ቤት ውስጥ አንድ ትንሽ ኮምፒውተር አለችኝ። ቀንም ሌሊትም አትጠፋም። ፎቶዎቼ፣ ሰነዶቼና የስልኬ ባክአፕ እዚያ ናቸው። ከቤት ስወጣ ግን ላገኛት አልችልም ነበር። ራውተሩ ላይ ፖርት (አንድ አገልግሎት የሚገኝበት ቁጥር ያለው በር) መክፈት እንዳለብኝ አውቃለሁ። ገጹን ስከፍተው የሚሞሉት ሣጥኖች አራት ወይም አምስት ናቸው። እዳው ገብስ ነው አልኩ።

ሩሉን፣ ማለትም ራውተሩ የሚከተለውን መመሪያ፣ መጻፉ እውነትም ቀላል ነው። ጊዜ የሚበላው በዙሪያው ያለው ነገር ነው። ከውጭ የሚመጣ ፓኬት (በኔትወርክ የሚላክ ትንሽ የመረጃ ጥቅል) ኮምፒውተሯ ጋ እስኪደርስ በብዙ ኬላ ያልፋል። ራውተሩ ከኬላዎቹ አንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ አሁን ሰው ሲጠይቀኝ የምለው ይህንን ነው፦ ሩሉን ከመንካታችሁ በፊት የፓኬቱን መንገድ ከውጭ ወደ ውስጥ ተከተሉት። እኔም የምጽፈው በዚያው ቅደም ተከተል ነው።

መጀመሪያ ግን ኤንኤቲ ምን እንደሚሠራ በአጭሩ። መሣሪያ በኔትወርክ ላይ የሚለይበት የአይፒ ቨርዥን 4 አድራሻ 32 ቢት ነው። ቢቆጠር ቢቆጠር 4.3 ቢሊዮን ገደማ ነው፤ ለዓለም መሣሪያ ሁሉ አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1994 ኤንኤቲ የሚባለው ዘዴ በቴክኒክ ሰነድ ቀረበ። በ1996 ደግሞ ለግል ኔትወርክ ብቻ የተተዉት አድራሻዎች ዛሬ ባሉበት መልክ ተደነገጉ። በ10 የሚጀምሩት፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉትና በ192.168 የሚጀምሩት ናቸው። ራውተራችሁ ውስጥ የምታዩት 192.168.1.1 ከዚያ የመጣ ነው። በዓለም ላይ ስፍር ቁጥር የሌለው ቤት ውስጥ ያው አድራሻ አለ።

ስልካችሁ አንድ ድረ ገጽ ሲከፍት ራውተሩ በፓኬቱ ላይ ያለውን የላኪ አድራሻ በራሱ የውጭ አድራሻ ይተካል። ካስፈለገ ፖርቱንም ይቀይራል። ማን ምን እንደጠየቀ ሠንጠረዥ ላይ ይመዘግባል። መልሱ ሲመጣ ሠንጠረዡን አይቶ ለባለቤቱ ያደርሳል። ማንም ያልጠየቀው ፓኬት ከውጭ ሲመጣ ግን ሠንጠረዡ ላይ የለም። ለማን ይስጠው? ይጥለዋል። ፖርት ፎርዋርዲንግ ማለት ለዚህ ጥያቄ መልሱን አስቀድሞ መጻፍ ነው፦ በዚህ ፖርት የመጣ ሁሉ ለዚህ መሣሪያ ይሰጥ።

ገጹ ከራውተር ራውተር ስሙ ይለያያል። አንዱ ፖርት ፎርዋርዲንግ ይለዋል፣ ሌላው ቨርቹዋል ሰርቨር። ጌሚንግ የሚል ክፍል ውስጥ የሚደብቀውም አለ። ሁሉም ያው ነው።

የመጀመሪያው ኬላ ቤታችሁ ውስጥ አይደለም

ራውተሩ ውስጥ ስቴተስ የሚል ገጽ አለ። የዋን አይፒ፣ ማለትም የራውተሩ የውጭ አድራሻ፣ እዚያ ተጽፏል። እሱን ያዙ። ከዚያ ቪፒኤን ከበራ አጥፉና ብራውዘር ላይ አይፒ አድራሻችሁን የሚያሳይ ድረ ገጽ ክፈቱ። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ከሆኑ እሰየው። ካልሆኑ ሩል መጻፉን ለጊዜው ተዉት፤ ልፋታችሁን ውሃ ይበላዋል።

የእኔዎቹ አልተመሳሰሉም። ራውተሬ ላይ ያለው በ100 ይጀምር ነበር። ከ100.64 እስከ 100.127 ያለው ክልል እ.ኤ.አ. በ2012 ለዚሁ ጉዳይ የተለየ ነው። አገልግሎት ሰጪው አንዱን የሕዝብ አድራሻ፣ ማለትም ከኢንተርኔት በቀጥታ የሚደረስበትን፣ ለብዙ ደንበኛ ያካፍለዋል። ከእኔ ራውተር በላይ ሌላ ትልቅ ኤንኤቲ አለ ማለት ነው። ባለሙያዎቹ ሲጂናት ይሉታል። እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ መቶ ሩል ብጽፍ ፓኬቱ እዚያ ላይ ተጥሎ ይቀራል።

ወደ አገልግሎት ሰጪው ደወልኩ።

«ሲጂናት ውስጥ ነኝ መሰለኝ። የሕዝብ አይፒ ማግኘት እችላለሁ?» አልኩ።

«ለምን አገልግሎት ፈለጉት?» አለችኝ ያነሳችው ልጅ።

«ቤቴ ካለ ኮምፒውተር ጋር ከውጭ ለመገናኘት ነው።»

«ይቻላል። ቋሚ ነው የሚፈልጉት ወይስ የሚቀያየርም ቢሆን ይሆንልዎታል?»

ይህችን ጥያቄ ልብ በሏት። ቋሚ አይፒ ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ክፍያ አለው። የሚቀያየረው ለቤት ሥራ ይበቃል፤ ምክንያቱን ወደ ታች እናገራለሁ። አነጋገሩም ለውጥ ያመጣል። «ከውጭ መግባት አቃተኝ» ብላችሁ ከጀመራችሁ ራውተሩን አጥፍታችሁ አብሩ ትባላላችሁ። ችግሩን በስሙ ስትጠሩት ግን የሚገባው ሰው ጋ ቶሎ ትደርሳላችሁ።

የዋን አይፒው በ192.168 የሚጀምር ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ምናልባት ቤታችሁ ውስጥ ሁለት ራውተር ተደራርቦ ነው፦ አንዱ አገልግሎት ሰጪው የሰጣችሁ፣ ሌላው እናንተ የገዛችሁት። ሁለቱም ኤንኤቲ ይሠራሉ። በሁለቱም ላይ ሩል መጻፍ ይቻላል፤ የመጀመሪያው ለሁለተኛው፣ ሁለተኛው ለኮምፒውተሯ ያስተላልፋል። እኔ ግን አልወደውም። አንድ ነገር ሲበላሽ የቱ ጋ እንደሆነ መፈለግ ራስ ምታት ነው። ከተቻለ የፊተኛውን ብሪጅ ሞድ ላይ አድርጉት፤ ያኔ ኤንኤቲ ሳይሠራ ዝም ብሎ ያሳልፋል። ካልሆነ የራሳችሁን ራውተር አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ ብቻ የሚሰጥ) አድርጋችሁ ኤንኤቲውን ለአንዱ ብቻ ተዉለት። በ10 የሚጀምር ከሆነ ሲጂናት ወይም ድርብ ራውተር ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ከፊት ሌላ ራውተር መኖር አለመኖሩን እዩ።

አገልግሎት ሰጪው የሕዝብ አይፒ የለኝም ካለስ? መንገድ አለ። ወደ ውጭ መውጣት አብዛኛውን ጊዜ ይፈቀዳል። ስለዚህ ኮምፒውተሯ ራሷ ወደ ውጭ ትደውል። የሕዝብ አድራሻ ያለው ትንሽ ሰርቨር ተከራይታችሁ ከቤት ወደዚያ ቶነል፣ ማለትም በኢንተርኔት ውስጥ የሚያልፍ የግል መስመር፣ መክፈት ይቻላል። ቴይልስኬልን የመሳሰሉ አገልግሎቶችም ይህንኑ ሥራ ያቀሉታል። ለሲጂናት ሰው እነሱ ላይ መድከሙ ይሻላል፤ ፖርት ፎርዋርዲንግን ይርሳው። አይፒ ቨርዥን 6 ካላችሁ ደግሞ ኤንኤቲ የሚባል ነገር ጨርሶ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ የሕዝብ አድራሻ አለው። የሚቀረው የራውተሩን ፋየርዎል (የትኛው ፓኬት እንዲያልፍ የሚወስነውን ዘብ) ለአንድ ፖርት መክፈት ነው። የምትገቡበት ኔትወርክም አይፒ ቨርዥን 6 ሊኖረው ግን ይገባል።

አድራሻዋ እንዳይቀየር

ሩሉ የሚያስተላልፈው ለአንድ የውስጥ አድራሻ ነው፤ እንበል 192.168.1.50። ያንን አድራሻ የሰጣት የራውተሩ ዲኤችሲፒ፣ ማለትም አድራሻ የሚያድለው ክፍል፣ ነው። ነገ ለሌላ ሊሰጠው ይችላል። ያኔ ሩሉ ሳይነካ ሥራው ይቆማል። ይባስ ብሎ በሩ ለማይታሰብ መሣሪያ ይከፈታል።

መፍትሔው ዲኤችሲፒ ሪዘርቬሽን ነው። በማክ አድራሻዋ (በኔትወርክ ካርዷ መለያ ቁጥር) ለይታችሁ ይህች መሣሪያ ሁሌም 50 ቁጥርን ታግኝ ትሉታላችሁ። ኮምፒውተሯ ላይ ገብቶ ስታቲክ አይፒ መጻፍም ይሠራል። እኔ ራውተሩ ላይ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ሁሉም አንድ ቦታ ይታያል፣ ግጭትም አይኖርም። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። ዘመናዊ ስልኮችና አንዳንድ ላፕቶፖች በዋይፋይ ላይ የዘፈቀደ ማክ አድራሻ ይጠቀማሉ። ሪዘርቬሽን ልታደርጉላቸው ከሆነ ያንን ለቤታችሁ ዋይፋይ አጥፉት። ኮምፒውተሯም በዋይፋይና በኬብል የተለያየ ማክ ነው ያላት። ሪዘርቬሽኑ እውነት ለምትጠቀሙበት ይሁን።

ሩሉ

የውጭ ፖርት፣ የውስጥ አድራሻ፣ የውስጥ ፖርት፣ ፕሮቶኮል። በቃ ይኸው ነው።

የውጭውና የውስጡ ፖርት አንድ መሆን የለባቸውም። ከውጭ 2222 ሲመጣ ወደ ውስጥ 22 ይሂድ ማለት ይቻላል። ሁለት ኮምፒውተር ላይ አንድ ዓይነት አገልግሎት ካላችሁ ግዴታም ነው፤ አንድ የውጭ ፖርት ለሁለት መሣሪያ አይሰጥም። የፖርት ቁጥር እስከ 65535 ስለሚሄድ ቦታ አይጠፋም። ራውተሩ ራሱ የያዘውን ፖርት ግን አትንኩ። ከውጭ የሚተዳደርበት ገጽ 443 ላይ ከበራ የእናንተ 443 ሩል ከእሱ ጋር ይጋጫል። በነገራችን ላይ ያንን ገጽ ከውጭ ዝጉት፤ ለምንም አይጠቅማችሁም።

ፕሮቶኮሉ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። ቲሲፒና ዩዲፒ መረጃ የሚጓጓዝባቸው ሁለት መንገዶች ናቸው። ኮምፒውተርን ከሩቅ በትእዛዝ የሚያስተዳድሩበት ኤስኤስኤችና ድረ ገጽ ቲሲፒ ናቸው። ዋየርጋርድ የተባለው ቪፒኤን ዩዲፒ ነው፤ የተለመደው ፖርቱ 51820 ነው። ማይንክራፍት በጃቫ ቅጂው ቲሲፒ 25565 ነው። ቲሲፒ የሚል ሩል የዩዲፒ ፓኬት አያሳልፍም። ሲቸግር ሁለቱንም የሚለውን መምረጥ ለሙከራ ያስኬዳል፤ ሲሠራ ግን ወደሚያስፈልገው አንዱ መልሱት።

አንዳንዱ ራውተር ምንጭ አድራሻ የሚል ሣጥንም አለው። ሁሌ ከአንድ ቋሚ ቦታ የምትገቡ ከሆነ ሙሉት። ከሌላ ቦታ የመጣውን ሁሉ ይጥልላችኋል። ከዚህ የሚበልጥ ነፃ ጥበቃ የለም።

ኦፕንደብሊውአርቲ (በሊኑክስ የተሠራ የራውተር ሶፍትዌር) ወይም ሊኑክስ ራሱን እንደ ራውተር ለምትጠቀሙ አንድ ነገር ልጨምር። የመድረሻ አድራሻው የሚቀየረው ፋየርዎሉ ፓኬቱን ከማየቱ በፊት ነው፤ ፕሪራውቲንግ ላይ። ስለዚህ ፎርዋርድ ቼይን ላይ የምትጽፉት የፋየርዎል ሩል የውስጡን አድራሻና የውስጡን ፖርት ማለት አለበት። የውጭውን ከጻፋችሁ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላችኋል፤ ስሕተት ነው ብሎም አይናገርም።

መፈተን

ከቤታችሁ ዋይፋይ ላይ ሆናችሁ በሕዝብ አድራሻችሁ አትፈትኑ። ይህንን በቀይ ቀለም ብጽፈው ደስ ይለኛል። ከውስጥ ወጥቶ ተመልሶ የሚገባ ፓኬትን ብዙ ራውተር አያስተናግድም። የሚያስተናግዱት ኤንኤቲ ሎፕባክ ወይም ሄርፒን ኤንኤቲ አላቸው ይባላል። ከሌለው ሩሉ ፍጹም ትክክል ሆኖ ሳለ ከቤት ሲሞከር አይሠራም። ሰው ጥሩውን ሩል አጥፍቶ እንደገና ይጽፋል፣ እንደገና ያጠፋል። የስልካችሁን ዋይፋይ አጥፉና በሞባይል ዳታ ሞክሩ። አለቀ።

ካልሠራ የሚመጣውን መልእክት አንብቡ። ልዩነቱ ብዙ ይናገራል። ኮኔክሽን ሪፊዩዝድ ካለ ፓኬቱ አንድ መሣሪያ ላይ ደርሶ እምቢታ ተመልሷል። ብዙውን ጊዜ አገልግሎቱ አልተነሳም ወይም በሌላ ፖርት ላይ ነው። ይህ ደስ የሚል ስሕተት ነው፤ መንገዱ ሊያልቅ ነው ማለት ነው። ታይምድ አውት ካለ ግን አንዱ ኬላ ላይ ዝም ተብሎ ተጥሏል። የቱ ላይ?

ይህን ለማወቅ ከሁሉ የጠቀመኝ ቲሲፒደምፕ ነው፤ የሚገቡና የሚወጡ ፓኬቶችን የሚያሳይ ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ ላይ ዋየርሻርክ ያንኑ ይሠራል። ኮምፒውተሯ ላይ አስነስታችሁ ያንን ፖርት ብቻ እንዲያሳይ አድርጉ። ከዚያ ከስልክ ሞክሩ። ምንም ካልታየ ችግሩ ከኮምፒውተሯ ውጭ ነው፦ ራውተሩ፣ አገልግሎት ሰጪው፣ ወይም የተሳሳተ አድራሻ። ራውተሩን ብቻ እያገላበጡ ከመዋል አገልግሎት ሰጪው ፖርቱን ዘግቶት እንደሆነም ጠይቁ፤ የኢሜይል መላኪያውን 25ን የመሳሰሉ ፖርቶችን የሚዘጉ ብዙ ናቸው።

ፓኬቱ ሲገባ ታይቶ መልስ ካልወጣ ችግሩ ኮምፒውተሯ ላይ ነው። የራሷ ፋየርዎል ከልክሎ ሊሆን ይችላል። ዊንዶውስ ኔትወርኩን ፐብሊክ ብሎ ከመዘገበው የበለጠ ይጨክናል። ወይም ፕሮግራሙ 127.0.0.1 ላይ ብቻ እያዳመጠ ነው፤ ከራሷ ውጭ ማንንም አይሰማም።

መልስ ወጥቶ ለስልኩ ካልደረሰስ? በእኔ ላይ የደረሰው ይህ ነው። ኮምፒውተሯ ላይ ሌላ ቪፒኤን ይሠራ ነበር። ጥያቄው በራውተሩ በኩል ይገባል፤ መልሱ በቪፒኤኑ በኩል ይወጣል። ስልኩ ካላነጋገረው አድራሻ መልስ ሲመጣ አይቀበልም። ራውተሩ ላይ ሳፈጥ ብውል የማላገኘው ነገር ነበር። ቪፒኤኑን ሳጠፋው ሳይውል ሳያድር ሠራ።

ፖርት የሚፈትሹ ድረ ገጾች ጥሩ ናቸው፤ ግን አብዛኞቹ ቲሲፒ ብቻ ነው የሚሞክሩት። ዋየርጋርድ ደግሞ ቁልፉን ለማያውቅ ሰው ጭራሽ አይመልስም። ስለዚህ እየሠራ እያለ ዝግ ነው ሊሏችሁ ይችላሉ። አትደንግጡ።

ምን ይከፈት?

እዚህ ላይ ቆንጠጥ አድርጌ ልናገር። ሊከፈት የሚችል ሁሉ አይከፈትም። የዊንዶውስ ሪሞት ዴስክቶፕ 3389ን በቀጥታ ለዓለም አትክፈቱ። የፋይል መጋሪያውን 445ንም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የተላለፈው በዚሁ በ445 አገልግሎት ላይ በነበረ ቀዳዳ ነው። የደኅንነት ካሜራንም በቀጥታ አትክፈቱ። በ2016 ሚራይ የተባለው ቦትኔት (የተጠለፉ መሣሪያዎች መረብ) ካሜራዎችንና ራውተሮችን በፋብሪካ የይለፍ ቃላቸው እየገባ ሠራዊት አደረጋቸው። በዚያ ዓመት ኦክቶበር ላይ ዲን የተባለውን የዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉም አገልግሎት) ኩባንያ አጥቅቶ ብዙ ታላላቅ ድረ ገጾችን አስተጓጎለ። የካሜራዎቹ ባለቤቶች ይህንን የማወቅ ዕድላቸው ጠባብ ነው፤ ካሜራው ምስሉን ማሳየቱን አያቆምም።

የፖርት ቁጥሩን መቀየር ጥበቃ ነው የሚሉ አሉ። ኤስኤስኤችን ከ22 ወደ ሌላ ስትወስዱት የሚያንኳኳው ቁጥር በእርግጥ ይቀንሳል። ፈላጊ ግን ሁሉንም ፖርት ይፈትሻል። ይለፍ ቃል አጥፍታችሁ በቁልፍ ብቻ እንዲገባ ማድረጉ ነው ቁም ነገሩ።

እኔ መጨረሻ ላይ የከፈትኩት አንድ ፖርት ብቻ ነው፤ የዋየርጋርዱን። ስልኬ በእሱ በኩል ቤት ይገባል። ከገባ በኋላ ፋይሉም፣ ካሜራውም፣ የራውተሩ ገጽም በውስጥ አድራሻቸው ይከፈታሉ። ለእያንዳንዱ ሩል መጻፍ ቀረ። ቶነሉ ዝም ብሎ ሲቆይ የሚቋረጥ ከሆነ ፐርሲስተንት ኪፕአላይቭ የሚለውን 25 ሰከንድ አድርጉት። ኤንኤቲ የዩዲፒ መስመሮችን ከሠንጠረዡ ላይ ቶሎ ያጠፋል፤ ይህ መስመሩን ያቆየዋል።

ዲኤምዜድ የሚለውን ምርጫ ሲቸግራቸው የሚያበሩ አሉ። ሩል የሌለውን ፖርት ሁሉ ለአንድ መሣሪያ መክፈት ማለት ነው። ለአጭር ሙከራ ካልሆነ አልመክርም። ዩፒኤንፒ ደግሞ መሣሪያዎች ራሳቸው ሩል እንዲጽፉ ይፈቅዳል። ጌም ለሚጫወት ሰው ይመቻል፤ ኮንሶሉ የኤንኤቲ ዓይነት ስትሪክት ነው ብሎ ሲያስቸግር ብዙ ጊዜ የሚፈታው እሱ ነው። ሁለት ኮንሶል ካለም በእጅ ከመጻፍ ይቀላል። ጉዳቱ ማንኛውም ቤት ውስጥ ያለ ፕሮግራም፣ ቫይረስም ቢሆን፣ ሳይጠይቅ በር መክፈቱ ነው። ጌም ከሌለ አጥፉት። ካለ ደግሞ የከፈታቸውን ዝርዝር አልፎ አልፎ እዩ።

የሚቀያየረውን አይፒ በተመለከተ ቃል ገብቼ ነበር። ዳይናሚክ ዲኤንኤስ ይባላል። አንድ ስም ትይዛላችሁ፤ ራውተሩ ወይም ኮምፒውተሯ አድራሻው በተቀየረ ቁጥር ስሙን ታድሳለች። ብዙ ራውተር ይህ ሥራ ውስጡ አለው። ስልኩ ላይ ቁጥር ሳይሆን ስሙን ጻፉ። ዋየርጋርድ ስሙን ወደ አድራሻ የሚቀይረው ሲነሳ ስለሆነ አይፒው መሐል ላይ ከተቀየረ አጥፍታችሁ አብሩት።

ለሩሎቹ የሚገባ ስም ስጧቸው። «ቴስት 2» የሚል ሩል ከወራት በኋላ ለማን እንደተከፈተ አይነግራችሁም። አገልግሎቱን ስታነሱ ሩሉንም አብራችሁ አጥፉ። ፈርምዌር (የራውተሩን የውስጥ ሶፍትዌር) ከማዘመናችሁ በፊት ኮንፊገሬሽኑን ወደ ፋይል አውጡ፤ ዝመናው ወደ ፋብሪካው ቅንብር ከመለሰው ሪዘርቬሽኑም ሩሉም አብሮ ይጠፋል። ፋይሉ ውስጥ ግን የዋይፋዩና የአስተዳዳሪው ይለፍ ቃል ሊኖር ይችላል። እርዳታ ስትጠይቁ እሱን አትላኩ፤ የሩሉን ገጽ ፎቶ አንስታችሁ የሕዝብ አይፒያችሁን ሸፍናችሁ ላኩ።